የጋሽ መርዕድ አጋዘን

ሰኞ ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ስልኩ ጮኸ። ከጄኔቫ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ይህን የምታነቡትን መጽሔት በስቴንስል እያባዙ በፖስታ የሚልኩልን ሴትዮ። «ማህሌት፣ ያቺ ስለ ትራም የጻፍሻት ተወዳለች፤ በሚቀጥለው ትወጣለች» አሉኝ። ትወጣለች! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ፊደሌን በእርሳስ እያረመች ነው። «ሌላም ጻፊ» አሉ እትዬ አስካለ። «ከልጅነትሽ የምታስታውሺውን አንድ ሰው። ደግ ሰው ቢሆን ደስ ይለናል።» እሺ አልኳቸው።

ደስታው ቤት ውስጥ አልበቃ አለኝ። ጃኬት ሳልደርብ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወርጄ በምንኖርበት የዙሪክ ሰፈር፣ በአልትሽቴተን ዋና መንገድ ላይ ያለ ምክንያት ሮጥኩ። እየሮጥኩ ደግ ሰው እፈልጋለሁ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሬስቶራንት ስደርስ ግን ሽታው አቆመኝ። እዚህ አገር ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ምግብ ቤቱ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ዊልድ» ብሎ ይጽፋል፤ የዱር ሥጋ ደርሷል ማለት ነው። አጋዘኑን ቀይ ወይን፣ ኮምጣጤና የጥድ ፍሬ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፈው ያበስሉታል። እርጥብ ጫካ፣ ያረጀ በርሜል፣ ትንሽ ደም ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ጋሽ መርዕድ አብረውት ገቡ፤ ባርኔጣቸው፣ ባርኔጣው ላይ የሰኩት ላባ፣ ሙሉው ጉራቸው። ደግ ሰው ፍለጋ ወጥቼ እሳቸውን ይዤ ተመለስኩ። እትዬ አስካለ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሽ መርዕድ የጄኔቫ ሰው ናቸው። ደርግ ሳይመጣ በፊት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ወንበር ነበራቸው። ስለ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ቆዳው ከጣሊያን ነው የመጣው፤ ስለ ሥራው ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ጄኔቫ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ ሆኑ። በዚህ አልስቅባቸውም፤ የኔም አባት ትራም ያጥባል። የምስቀው በአዳኝነታቸው ነው። ወጣት ሳሉ እርሻ እንዲያጠኑ ቴክሳስ ተልከው ነበር። ከእርሻው ትምህርት ለአገራቸው አንድ ዘር ይዘው አልተመለሱም፤ ይዘው የተመለሱት ደጋን ነው።

ታሪኩን ከዕድሜዬ ቁጥር በላይ ሰምቼዋለሁ። አስተማሪያቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ለአደን ብቻ የተከራዩት ራንች የሚባል ሰፊ የከብት ማርቢያ መሬት ነበራቸው፤ ጭራው ነጭ የሆነ አጋዘን ሞልቶበታል። ጋሽ መርዕድ ገና ሳይነጋ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይለካሉ። አጋዘኑ ይመጣል። ጎኑን እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ከወንበራቸው ይነሡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሌለውን ደጋን በእናቴ አበባ ማስቀመጫ ላይ ይስባሉ። «ከትከሻው ኋላ! ሳንባው ላይ! ሹው!»

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ጠየቅኋቸው። «አጋዘኑ ለምን እርስዎ ያሉበት ዛፍ ሥር ይመጣል?»

«በቆሎ አለዋ።»

«በቆሎውን ማን አስቀመጠው?»

«በርሜል ተሰቅሎለታል። ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ ይረጫል። አሜሪካኖች እኮ ብልሆች ናቸው።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በየቀኑ በሰዓቱ ምሳ ያቀርቡለታል፤ ይለምዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ምሳውን እየበላ ሳለ ከላይ ሆነው ይወጉታል። አደኑ የቱ ጋ ነው? እንዲህ ከሆነ እናቴም ጋሽ መርዕድን በየወሩ ታድናቸዋለች፤ ዶሮ ወጥ ሠርታ ስትጠራቸው ከጄኔቫ ድረስ ይመጣሉ። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው እናቴ ከክርኔ በላይ ቆነጠጠችኝ።

አንድ በጋ ጄኔቫ ሄደን ክፍላቸውን አየሁ። የተጨሰ ሲጋራና የጫማ ቀለም ይሸታል። ደጋኑ ከአልጋቸው በላይ፣ ሰው መስቀል በሚሰቅልበት ቦታ ተሰቅሏል። አጠገቡ ፎቶግራፍ አለ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ወጣት የሞተ አጋዘን ቀንድ ይዘው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ከፎቶግራፉ በታች ደግሞ የሲጋራ መተርኮሻ፤ ትራንዚስተር ሬዲዮ፤ በጋዜጣ የተሸፈነ ጠረጴዛ። ጄኔቫ ውስጥ አደን ክልክል መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ነው የከለከለው። የቴክሳሱ ጀግና ከስዊዘርላንድ ምድር ሁሉ መርጠው የሰፈሩት ጥንቸል እንኳ መምታት በማይፈቀድበት ክፍለ ሀገር ነው! ምድር ቤት ወርደው፣ ሰው ድንችና ወይን ጠጅ በሚያስቀምጥበት ጨለማ፣ አሮጌ ጋዜጣ በገመድ አስረው ይወጉ ነበር። ከቴክሳስ ወዲህ የገደሉት ትልቁ አውሬ የትናንት ጋዜጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ መከር እናቴ አንድ ነገር ብቻ ትፈልግ ነበር፤ የሚካኤል ማኅበርተኛ መሆን። ማኅበሩ የጄኔቫና የዙሪክ ሰዎች በየወሩ ተራ እየገቡ የሚያዘጋጁት ነው፤ አብዛኞቹ አባቶቻቸው ባለማዕረግ የነበሩ ወይዛዝርት ናቸው። እናቴ እቴነሽ ታይፒስት ነበረች። ሦስት ዓመት ጠየቀች፤ ሦስት ዓመት «ቦታ የለም» ተባለች። እዚህ አገር ሆስፒታል ስትተኙ ሾርባ ይዞ የሚመጣ፣ ስትሞቱ ለቅሶ የሚቀመጥ ማኅበር ነው፤ ሌላ ማን አለ? የኅዳሯ ባለተራ ወደ ካናዳ ስትሄድ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ «እስቲ እቴነሽ ትሞክር» አሉ። ትሞክር ነው ያሉት። ጽዋው ከቤታችን ሲወጣ እናቴ ወይ አባል ትሆናለች ወይ ሁለተኛ አትጠራም።

ጋሽ መርዕድ ይህን ሰምተው ቤታችን መጡና ጭኖቻቸውን መታ መታ አደረጉ። «እቴነሽ፣ ሥጋ የሚባል እንዳትገዢ። ወይዛዝርቱ ዶሮ ሰልችቷቸዋል። የምታቀርቢላቸው የአጋዘን ወጥ ነው። እኔ በገዛ ደጋኔ ወግቼ አመጣለሁ።»

እናቴ ታይፒስት ናት፤ ነገር በቅደም ተከተል ትጠይቃለች። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

«እንደ ፍየል።»

«ያመሰኳል?»

«ሲያመሰኳ ነው እኮ የምወጋው!»

«ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ያርዱታል?»

«እቴነሽ! እኔ ክርስቲያን አይደለሁም?»

ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቼ ይህ አይገባቸውም፤ ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፤ በክት ደግሞ ሰው ፊት አይቀርብም። እናቴ አመነቻቸው።

ያን ዓመት ኅዳር ሚካኤል እሑድ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መርዕድና እኔ በባቡር ዙሪክ አጠገብ ወዳለችው ዲቤንዶርፍ ሄድን። እኔ የሄድኩት አስተርጓሚ ሆኜ ነው፤ እሳቸው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ አይችሉም። ደኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ለአደን የተከራዩት ሄር (አቶ) ብሩነር የሚባሉ ጡረተኛ አናጢና ሦስት ባልንጀሮቻቸው ናቸው። አረንጓዴ ካፖርት፣ የጭቃ ቦት ጫማ፣ ጠብመንጃ። ጋሽ መርዕድ ረጅሙን ሳጥን ከፍተው ደጋናቸውን ሲያወጡ አራቱም ተያዩ። ከዚያ ሄር ብሩነር ሳቁ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። የተናገሩትን ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ የተረጎምኩት ነገር የለም። «በዚህ አገር በደጋን ማደን ወንጀል ነው። መኪናዬ ውስጥ ይቆለፍበት።»

በምትኩ ዱላ ሰጧቸው። አባራሪ ሆኑ ማለት ነው፤ ከአንድ የፖስታ ቤት ሴትና ከሁለት ገበሬዎች ጋር ተሰልፈው ግንዱን እየደበደቡ «ሆ! ሆ!» እያሉ አውሬውን ወደ ጠብመንጃዎቹ ይነዳሉ። የቴክሳሱ ጀግና ላባ ያለው ባርኔጣቸውን ቁጥቋጦ እየጎተተባቸው፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው፣ «ሆ! ሆ!» እኔ ከሄር ብሩነር ኋላ ቆሜ ነበር። አንዲት ትንሽ አጋዘን ከጫካው ጫፍ ወጣች። አንድ ጥይት። ወደቀች፤ አልተንፈራገጠችም። ሄር ብሩነር ሄደው ዓይኗን በቅርንጫፍ ጫፍ ነኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የጥድ ቅጠል ቆርጠው አፏ ውስጥ አስቀመጡላት፤ የመጨረሻ ጉርሻዋ መሆኑ ነው፤ ልማዳቸው ነው። ባርኔጣ ወለቀ፤ አንዱ ቀንደ መለከት ነፋ። ጋሽ መርዕድ እያለከለኩ የደረሱት መለከቱ ካበቃ በኋላ ነው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቢላ ያወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢላ አልነበራቸውም።

ሄር ብሩነር ሆድ ዕቃዋን አወጡ፤ አንገቷንም ያን ጊዜ ቀደዱት። ስለ እናቴ በዓል ነግሬያቸው ስለነበር «ለእናትሽ ይሁን» ብለው አጋዘኗን በጆንያ ሰጡን። ባቡር ውስጥ ጋሽ መርዕድ ከኪሳቸው ትልቅ ቸኮላት አወጡ። «ማህሌት፣ አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ። ከጠየቁሽ፣ በደጋን ነው፤ ባርኬም አርጃለሁ። ገባሽ?» ቸኮላቱን አልትሽቴተን እስክንደርስ ጨረስኩት። እናቴ ጆንያውን ስትፈታ የተቀደደውን አንገት አየች፤ ደስ አላት። «ባርከውታል?» ስትል እሳቸው ወደኔ ዞሩ። «አየሽ አይደል፣ ማህሌት?» ራሴን ነቀነቅሁ። እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም።

እሑድ ወይዛዝርቱ በነጭ በነጭ ሆነው ገቡ፤ የጄኔቫዎቹ ከባቡር ጣቢያ፣ ሁለቱ ከጎረቤት ከተማ ከዲቲኮን። መምሬ ዘለቀ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው ዞረ። አባቴ ያን ቀን ተረኛ ስለነበር እናቴ ብቻዋን ወጥ ቤትና ሳሎን ትመላለሳለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ድስቱ ተከፈተ። ቀይ ወጡ ላይ ዘይቱ ተንሳፍፏል። ወጡ እንጀራው ላይ ፈሰሰ።

እጆች ሳይዘረጉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀና አሉ። «መርዕድ፣ እውን በደጋን ነው? እስቲ አጫውተን።»

ባያጫውቱ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር። ግን እሳቸው ተነሡ። ዛፉ ላይ ወጡ፤ ጣታቸውን አራሱ፤ ነፋሱን ለኩ። ቴክሳስ ሙሉ በሙሉ ዲቤንዶርፍ ገባች። «ከትከሻው ኋላ! ሹው!»

«ሮጠህ ደረስክበት?» አሉ መምሬ። እጃቸው እንጀራው ላይ ነው።

ጋሽ መርዕድ እንደ ሊቅ ሳቁ። «መምሬ፣ የደጋን አዳኝ አይሮጥም! የሮጠ አውሬውን ያጣል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት ነው። ሲጋራዬን ለኮስኩ። ጨረስኩ። ሌላ ለኮስኩ። ከዚያ የደሙን ጠብታ ቀስ እያልኩ…»

መምሬ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ግማሽ ሰዓት?»

«ደንቡ ነው።»

«ስትደርስ ነፍስ ነበረው?»

አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። አንዲት! ግን አዎ ካሉ በደንብ አልወጉትም ማለት ነው። ደረታቸውን ነፉ። «መምሬ ይሙቱ! እኔ የወጋሁት አውሬ ሃያ እርምጃ አይሄድም!»

አንዷ ወይዘሮ ከፊቷ ያለውን እንጀራ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ጋሽ መርዕድ ያሉትን ነገር የሰሙት ከሁላችን በኋላ ነው። «ማለቴ… ነፍስስ ነበረው። ትንሽ። ባርኬ ነው ያረድኩት። ይኸው ማህሌት አይታለች። ማህሌት፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

የውሃ ጆግ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እናቴን አየኋት። እሷም የምታየው እኔን ነበር። ፊቷ «አዎ በይ» ይል እንደሆነ፣ «አይደለም በይ» ይል እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። አዎ ብል ወጡ ይበላል፤ እናቴ አባል ትሆናለች፤ መምሬ በክት ይጎርሳሉ። አይደለም ብል ሦስት ዓመት የለመነችው ነገር እዚሁ ያልቃል።

«በጥይት ነው የሞተችው» አልኩ። «የመቷት ሄር ብሩነር ናቸው። ጋሽ መርዕድ ዱላ ይዘው ሆ ሆ ሲሉ ነበር። ቢላ አልነበራቸውም። እኔም ቸኮላት በልቻለሁ።»

እናቴ አልጮኸችም። ድስቱን በሁለት እጇ አንሥታ በረንዳው ላይ አወጣችው። ተመልሳ የፈሰሰበትን እንጀራ ሰበሰበች፤ ትሪውን አጠበች፤ አዲስ እንጀራ ዘረጋች፤ ለራሳችን ለነገ ያሰበችውን ሽሮ አሙቃ አመጣች። በሚካኤል ቀን፣ ለእነዚያ ወይዛዝርት፣ ሽሮ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

ጋሽ መርዕድ ዝም ቢሉ ይሻላቸው ነበር። «ምን ይሄ ሁሉ? እኔ ቴክሳስ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስበላው ምን ሆንኩ?»

መምሬ ቀና ብለው አዩአቸው። «እሱን ለብቻህ ትነግረኛለህ፣ ልጄ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ከዚያ ሁሉም መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አነሡና ወጡ። የሸኛቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ዙሪክ መጥተው አያውቁም።

ወይዛዝርቱ ሽሮውን በሉ። ጥሩ ነው አላሉም፤ መጥፎ ነው አላሉም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ታስተናግዳለች። ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እያጣፉ በሩ ላይ ቆሙ። «እቴነሽ፣ ሽሮሽ ጨው ይበዛዋል» አሉ። እናቴ «ይቅርታ፣ እትዬ» አለች። «የሚመጣው ኅዳርም ያንቺ ነው። እስከዚያ አስተካክዪው።»

በሩ ሲዘጋ እናቴ በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«ቸኮላቱ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

«ለውዝ ያለበት።»

«ለእኔ ቁራሽ አታስተርፊም?»

ይኸው ነው ታሪኩ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እናቴ ረቂቁን አንብባ «የቀረ ነገር አለ» አለችኝ። አለ። ያን ቅዳሜ ጋሽ መርዕድ የባቡሩን ሰዓት ተሳስተው ከአዳኞቹ አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ጭጋግ ነበር። ከደኑ ጫፍ ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ መሰላሉን ወጥተን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ሳጥኑ እግራቸው ሥር ተዘግቶ ነበር። ጣታቸውን አርሰው ነፋሱን ለኩ፤ የእውነት ለኩ። ሻርቤን አፌ ላይ አጠፉልኝና በጆሮዬ «ትንፋሽሽ ይታያል፤ በዚህ ውስጥ ተንፍሺ። ዓይንሽን እንጂ ራስሽን አታዙሪ» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኚህ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አሉ! እናት አጋዘን ከጭጋጉ ወጣች፤ ሁለት ልጆቿ ተከተሏት። ጆሮዋ ሲዞር እስኪታየን፣ ሳር ስትነጭ ጥርሷ እስኪሰማን ድረስ ቀርባ ነበር። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አላነሡም፤ የሌለውን ደጋን እንኳ አልሳቡም። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ቅዝቃዜው ይሆናል።

ከእሳቸው የቀረልኝ ይህ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ በየመከሩ እናቴና እኔ ማማው ላይ እንወጣለን። ባለፈው ወር ሄር ብሩነር መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ውሻና ጠብመንጃ ከሌላቸው ዘመዶችሽንም አምጪ» አሉኝ። ስለዚህ ላስተላልፍላችሁ። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር ዲቤንዶርፍ ጣቢያ ውረዱ፤ እናቴና እኔ መውጫው ላይ ነን። የሱፍ ሹራብ ልበሱ፤ ሽቶ አትቀቡ፤ ሻይ እኛ ይዘናል። በየተራ ነው የሚወጣው፤ ማማው ጠባብ ነው።

ጋሽ መርዕድም ይህን ጄኔቫ ሆነው የሚያነቡ ከሆነ ቦታ አይጠፋም። ማውራት ግን ክልክል ነው።